ባህረዲንና የጣሳው መንኮራኩር

አረፋ ሲደርስ የመርካቶው ምን አለሽ ተራ ዝም ይላል። ዓመቱን ሙሉ በርሜል ሲቀጠቅጡ፣ ከዘይት ቆርቆሮ ምድጃ ሲያበጁ፣ የተጣመመ ብረት ሲያቃኑ የሚውሉ እጆች መዶሻቸውን አስቀምጠው ሻንጣ ይዘው ወደ ስልጤና ወደ ጉራጌ አገር ይሄዳሉ። ሱቁ ይቆለፋል፤ ሰው ተጋፍቶ በሚያልፍበት መንገድ መሀል ውሻ ተጋድሞ ይተኛል። ለብዙ ሰው ያ ፀጥታ እረፍት ነው። ለባህረዲን ልጅ ለሱሀይር ግን መከራ ነበር።

ሱሀይር አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ቁመቷ እናቷን አልፏል። ተወልዳ ያደገችው ከአባቷ መሥሪያ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። የመኪና ጡሩምባ ጆሮዋን አስይዞ ያስጮሃታል፤ የሙዚቃ ቤት ድምፅ ማጉያ መሬት ላይ ያስቀምጣታል። መዶሻው ግን ያረጋጋታል። ሲቆም የሆነ ነገር የተወሰደባት ይመስል ትቅበጠበጣለች። ባለፈው አረፋ ሁለት ቀን ሙሉ ግንባሯን ከግድግዳው ጋር አጋጨች፤ ጠባሳው ዛሬም ከቅንድቧ በላይ አለ። ባህረዲን መዶሻውን አንሥቶ ብቻውን ሲመታላት አመሸ። አልሆነም። አንድ መዶሻ የመቶ መዶሻን ቦታ አይሞላም።

ወደ አገር ቤት አብረው መሄድ የተዉት ከአምስት ዓመት በፊት ነው። አውቶቡሱ ቡታጅራ ሳይደርስ ሱሀይር መጮህ ጀመረች፤ ተሳፋሪው መጀመሪያ አጉረመረመ፣ በመጨረሻ አንዱ ከኋላ «አውርዱልን» አለ። አወረዷቸው። ከዚያ ወዲህ ሚስቱ ዙህራ ትንሹን ልጅ ይዛ እናቷን ልትጠይቅ ወራቤ ስትሄድ ባህረዲን ከሱሀይር ጋር ይቀራል። ጎረቤቱ ጂን ነው ይል ነበር። ኋላ አንዲት አስተማሪ አይታት ኦቲዝም እንደሚባል፣ አፈጣጠሯ እንደሆነ ነገረችው። ባህረዲን ቃሉን ወረቀት ላይ አስጻፈና በሸሚዙ ኪስ ይዞት ዞረ። የልጁ ዝምታ ስም እንዳለው፣ ያውም ሌላ አገር ያሉ ሰዎች እንኳን የሚያውቁት ስም እንዳለው፣ ማመን አቅቶት ቆየ።

አሁን የሚመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ማንም «አውርዱልን» ሳይላት፣ ሰው መሀል ገብታ አንድ ቀን ደስ ብሏት እንድትውል።

ሐሳቡ የመጣው እዚያው መርካቶ፣ ዱባይ ተራ ነው። ወዳጁ ሰሚር ቴሌቪዥን በሚሸጥበት ሱቅ ደጃፍ ቆሞ ሳለ፣ መስኮቱ ላይ ባለው ቴሌቪዥን አንድ ግዙፍ የመጫወቻ መንኮራኩር በዙሪያው በተንጠለጠሉ ሳጥኖች ሰው ጭኖ በቀስታ ሲዞር አየ። ሱሀይር የሚዞር ነገር ትወዳለች። የድስት ክዳን መሬት ላይ አሽከርክራ እስኪቆም ድረስ ዓይኗን ሳትነቅል ታየዋለች።

«እንዲህ ያለ እዚህ አገር ይኖር ይሆን?»

«በቦሌ በኩል፣ መዝናኛ ፓርኩ ውስጥ አለ እኮ» አለ ሰሚር። «ደግሞ አንተ ምን ልታደርግ? የሱቄን ጣራ ጠግንልኝ ብልህ መሰላሉ ሦስተኛው እርከን ላይ አላህን የጠራህ ሰውዬ።»

«የምትወጣው ሱሀይር ናት።»

«ብቻዋን?»

ባህረዲን ይህንን አላሰበበትም ነበር።

አስተማሪዋ አዲስ ነገር አስቀድማ ካየችው አትፈራውም ብላዋለች። ለባህረዲን ይህ እንግዳ ምክር አልነበረም። ምን አለሽ ተራ ውስጥ በቃል የሚያዝዝ ደንበኛ የለም፤ ሁሉም ናሙናውን ይዞ ይመጣል፣ ሠሪው ያንን አይቶ ይሠራል። ስለዚህ አንድ ሰኞ ጠዋት ሥራውን ዘግቶ ብቻውን ወደ ፓርኩ ሄደ። መንኮራኩሩ ሥር ቆሞ አንጋጦ ቆጠረ፤ አሥራ ሁለት ሳጥን። እያንዳንዱ ሳጥን ከታች ሲያልፍ ብረቱ «ቷ» ይላል። ቷ... ቷ... ቷ። ባህረዲን ድምፁን ሲሰማ ዓይኑን ጨፈነ። ከፍታውን ፈርቶ አይደለም። ይህ የሰፈሩ ድምፅ ነበር።

ትኬት የምትቆርጠው ፀደንያ የምትባል ወጣት ከመስኮቷ ብቅ አለች። «አባት፣ ልጁ የት አለ?»

«ልጄ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው የምትመጣው።»

ፀደንያ ሳቋን ዋጠች። እሱ ግን የምሩን ነበር፤ ሰው የማይበዛበትን ቀን ጠየቃት። በዓሉ ባለፈ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ይሻላል አለችው።

ያን ማታ የልጅ ብስክሌት ቸርኬ ከጥራጊው ክምር አወጣ። ጠርዙ ላይ አሥራ ሁለት የቲማቲም ጣሳ በሽቦ አንጠለጠለ፤ በሁለት የብረት እግር መሀል አቆመው፤ አንዲት ቀጭን ላሜራም አስጠጋበት፣ እያንዳንዱ ጣሳ ሲያልፍ «ቷ» እንዲል። አንድ ትልቅ የብሎን ዳዶ አነሣና አንዱ ጣሳ ውስጥ አስቀመጠ።

«አየሽ? ይቺ ሱሀይር ናት። ትወጣለች፣ ትወጣለች፣ ትወርዳለች።»

«ዳዶ» አለች ሱሀይር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ጨዋታ አልነበራትም። ዳዶውን ጣሳው ውስጥ ታስቀምጣለች፤ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ቸርኬውን ትገፋለች፤ አሥራ ሁለት ጊዜ «ቷ» እስኪል ትሰማለች። ዳዶው ወደ ታች ሲመለስ ታወጣዋለች፤ በሻርፏ ጫፍ ትወለውለዋለች፤ ከዚያ ጨብጣ ትይዘዋለች። ስትወለውል ቸኩላ አታውቅም። ባህረዲን ዳር ቆሞ ያያታል። እሷ አታየውም። የሰው ፊት ማየት አትወድም፤ በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ዓይኗ ዓይኑ ላይ አርፎ ያውቅ እንደሆነ እርግጠኛ አይደለም።

«ለልጅቷ ነው ለራስህ?» አለችው ዙህራ፣ ለአረፋ ወራቤ ልትሄድ የሻንጣዋን ዚፕ እየዘጋች።

«ለሷ ነዋ።»

«ካስቸገረችህ ተመለስ። እልህ እንዳትጋባ።» በር ላይ ደርሳ ቆመች። «ያቺን ሰማያዊ ሻርፕ አድርግላት። ሌላው ያሳክካታል።»

መንገዱም ናሙና ያስፈልገው ነበር። ምድጃ የገዛው ደንበኛው ጋሽ ከበደ፣ ከሲኒማ ራስ የሚነሣ ሚኒባስ አለው። የመጀመሪያ ቀን ሱሀይር ሚኒባሱን ከሩቅ አየች። በሁለተኛው ቀን ጎማውን ነካች፤ ዳዶዎቹን አንድ በአንድ። በአራተኛው ቀን ገብታ ተቀመጠች፣ ሞተሩ ሳይነሣ።

«ጋሽ ከበደ፣ ሬዲዮ እንዳይከፈት።»

«የኔ ሬዲዮ ከሞተች ሙት ዓመቷ አልፏል።»

«ጡሩምባም።»

«ባህሩ፣ ጡሩምባ ሳልነካ ከመርካቶ ልውጣ? ለኔም አንድ ናሙና ሥራልኝ እንጂ።» ይህን ይበል እንጂ በቀጠሮው ቀን ከሲኒማ ራስ እስከ ፓርኩ በር ድረስ አንዴም ጡሩምባ ሳይነካ ነዳ። እግረኛ ሲገባበት እጁን በመስኮት አውጥቶ ይለምን ነበር።

ሱሀይር መንኮራኩሩን ከበሩ አየችው። ቆመች። ጣቶቿ አየሩ ላይ መንቀጥቀጥ ጀመሩ፤ ስትደሰት እንዲህ ነው። ቷ... ቷ... ቷ። ባህረዲን ሁለት ትኬት ቆረጠ። ሁሉም ነገር እንደ ናሙናው እየሄደ ነበር።

አጥሩ ጋ ሲደርሱ ግን አልገባም አለች። እጇን ሲይዛት መነጨቀችው። ሳጥኑ መጣ፣ በሩ ተከፈተ፣ ባዶውን አለፈ። ሁለተኛውም አለፈ።

«ሱሀይር፣ ያ ነው እኮ። ጣሳው ነው። ነይ።»

ማጉረምረም ጀመረች፤ ያ ከግድግዳው በፊት የሚመጣው ድምፅ ነበር። ከኋላ ተራ ይጠብቁ የነበሩ ባልና ሚስት ከነልጆቻቸው ተያዩ። «ካልተሳፈራችሁ እንለፍ» አለች ሴትዮዋ፣ በክፋት አልነበረም። ባህረዲን ግን የሰማው ያንን ከአውቶቡሱ ኋላ የመጣውን ድምፅ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ የለፉ እጆቹ ባዶ ሆነው ታዩት። ናሙናው የቱ ጋ እንደተሳሳተ አላወቀም። አብሯቸው ወደ ገባው ወደ ጋሽ ከበደ ዞሮ እንሂድ ሊል አፉን ከፈተ።

ሱሀይር እጇን ኪሷ ከተተች። ዳዶውን አውጥታ በባህረዲን ሸሚዝ ኪስ ውስጥ፣ ወረቀቱ በነበረበት ቦታ አስገባች። ከዚያ ከኋላው ዞራ በሁለት መዳፏ ጀርባውን ገፋችው።

«ዳዶ» አለች።

ባህረዲን አልገባውም። ቀድማ የገባት ከመስኮቷ የምታያቸው ፀደንያ ነበረች። «አባት፣ እርስዎን እኮ ነው ግባ የምትልዎት።»

ያኔ ገባው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያስተማራት መሳፈርን አልነበረም። በናሙናው ላይ ሱሀይር አንድም ቀን ጣሳው ውስጥ ገብታ አታውቅም። እሷ ሁልጊዜ ከታች ተቀምጣ የምታየው ናት፤ የሚወጣው ሌላ ነው።

«እኔ ከፍታ አልችልም» አለ ባህረዲን፣ ለማን እንደሚናገር ሳያውቅ።

«ግባ ባህሩ» አለ ጋሽ ከበደ። «እኔ አጠገቧ ነኝ።»

ሴትዮዋና ባሏ ልጆቻቸውን ሰብስበው መንገድ ለቀቁ። ባህረዲን ገባ። በሩ ተዘጋ። መሬቱ ከሥሩ ሲሸሽ ዓይኑን ጨፈነ፤ በሁለት እጁ ብረቱን ሙጭጭ አድርጎ ይዞ የሚያውቀውን ዱዓ ሁሉ ደገመ። ነፋሱ ሳጥኑን ወዘወዘው። ቷ የሚለው ድምፅ ከታች ራቀ፣ አነሰ። አራት። አምስት። እሷ እንደምትቆጥር ያውቃል። ስድስት ላይ ጫፍ መድረሱን ያውቃል። ናሙናውን ራሱ ነው የሠራው።

ስድስት ላይ ዓይኑን ገለጠ።

ከተማው ሁሉ ከእግሩ ሥር ነበር፤ ጣራ፣ ጣራ፣ ጣራ፤ በሩቁ ሰማያዊ ተራራ። እሱ ግን ያንን አላየም። ያየው ከታች አጥሩን ተደግፋ የቆመች ሰማያዊ ሻርፕ ያደረገች ልጅ ነው። ፊቷን ወደ ላይ ቀና አድርጋለች። ሳጥኑ ሲወርድ ዓይኗ አብሮ ይወርዳል። የሰው ፊት የማታይ ልጅ፣ እሱ ያለበትን አንዱን ሳጥን ከአሥራ ሁለቱ መርጣ፣ ሳትነቅል ታየዋለች። ስምንት። ዘጠኝ። ባህረዲን ብረቱን የያዘበት እጁ ላላ። መውረዱ እንዳያልቅ ተመኘ፤ ከፍታ የሚፈራው ሰውዬ።

በሩ ሲከፈት ጠርዙን ተደግፎ ወረደ። ላብ ፊቱ ላይ ይንቆረቆራል። ሱሀይር ቀረበች። የሻርፏን ጫፍ ያዘች። ግንባሩን ወለወለች፣ ከዚያ ጉንጩን፣ ከዚያ አገጩን፤ ቀስ ብላ፣ አንድም ቦታ ሳትዘል።

ስትጨርስ ጣቶቹን ጨብጣ ያዘች።