ዶክተሮቻችን የማያውቁት

ሰው ሁሉ «እትዬ ካርድ» ይላታል። ወላጆቿ ያወጡላት ስም የቀረው መታወቂያዋ ላይ ብቻ ነው። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ በሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ውስጥ፣ ከወለል እስከ ጣሪያ በተደረደሩ ካርዶች መካከል ኖራለች። ክፍሉ አንድ ጠባብ መስኮት፣ አንድ መሰላልና አንድ እግሩን በካርቶን የደገፉት ጠረጴዛ አለው። በዚያ ቤት የእሷን ያህል የሐኪም ጽሑፍ ማንበብ የሚችል የለም። ዶክተሮቹ ራሳቸው የጫሩት ሲጠፋባቸው አንገታቸውን በመስኮቱ ያስገባሉ።

«እትዬ፣ እዚህ ጋ ምን ነበር ያልኩት?»

«ሳል ነው ያሉት፣ ዶክተር።»

«ሳል ነው እንዴ! እኔ ደግሞ ሱስ መስሎኝ ሰውየውን ስቆጣ ነው የዋልኩት።»

የሞቱ ሰዎች ካርድ ከበሩ ጀርባ ባለው መደርደሪያ፣ በሲባጎ ታስሮ ይቀመጣል። እሱንም ቢሆን ከፍታ ታነባለች፤ ካርድ ለእሷ ካርድ ነው። አንድ ብቻ ከፍታ አታውቅም፤ የታናሽ እህቷን።

እህቷ ከሁለት ዓመት በፊት እዚሁ ወለደችና በዚያው ከሰዓት በኋላ ሞተች። ሕፃኗ ተረፈች፤ አሁን እትዬ ካርድና እናቷ ያሳድጓታል። ያን ዕለት እትዬ ካርድ ሥራ ላይ ነበረች። ከማዋለጃ ክፍሉ ሠላሳ እርምጃ ብትርቅ ነው። በር ድረስ ሄዳ ጠየቀች፤ «ደህና ናት፣ ትንሽ ደም ነው» አሏት፤ ወደ ካርዶቿ ተመለሰች። ካርዱን ያልከፈተችው ለዚህ ነው። የሆዷን በሆዷ ይዛ ትኖር ነበር፤ እናቷ ግን አላስቀመጧትም።

«ልጄ በምን ሞተች?»

«ደም ፈሷት፣ እማዬ።»

«እሱንማ እኔም አውቃለሁ። ደም የፈሰሳት ሁሉ ይሞታል?»

እትዬ ካርድ የሕፃኗን ልብስ ልታጥብ ተነሣች።

ነገሩ የተቆሰቆሰው በፈቃድ እድሳት ነው። ሐኪም የሙያ ፈቃዱን የሚያሳድሰው በየጊዜው ሥልጠና ወስዶ ነጥብ ሲያከማች ነው። ሥልጠናውን የሚሰጠው ደግሞ የሐኪሞች ቦርድ ዕውቅና የሰጠው ማዕከል ብቻ ነው። በቅርብ እንዲህ ያለ ማዕከል የለም። ዶክተሮቹ ነጥብ ፍለጋ የአንድ ቀን መንገድ ተጉዘው ሳምንት ይቀራሉ፤ በሽተኛው የባዶ ወንበር ተራ ይጠብቃል። አዲሱ ዳይሬክተር፣ እጅጌውን ሳይሰበስብ የማይናገር ችኩል ሰው፣ «ለምን እኛው ማዕከል አንሆንም?» ብሎ ተነሣ።

የማመልከቻው የመጀመሪያ ገጽ ግን አንድ ጉድ ይዞ መጣ። «ሐኪሞቻችሁ የጎደላቸው ዕውቀት ምንድን ነው? በማስረጃ አስደግፉ» ይላል። ዳይሬክተሩ ለሠላሳ ስምንቱም ዶክተሮች ወረቀት በተነ። ሃያ ዘጠኙ «የለብኝም» ብለው መለሱ። አምስቱ የነርሶቹን ጉድለት ዘርዝረው ጻፉ። አንዱ «ጊዜ» አለ። አንዱ «የመኪና ማቆሚያ» አለ። ሁለቱ ወረቀቱን አልመለሱም። ዳይሬክተሩ ከዚሁ አጠናቅሮ ቢልክ፣ ቦርዱ በሁለት መስመር መለሰለት፤ «ምንም ያልጎደለው ሆስፒታል ሥልጠና አያስፈልገውም። እስከ ወሩ መጨረሻ አሻሽላችሁ ካላቀረባችሁ ቀጣዩ ዙር ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።»

ደብዳቤውን ይዞ ካርድ ክፍል ገባና መሰላሉ ላይ ቁጭ አለ።

«እትዬ፣ ዶክተሮቻችን የማያውቁት ነገር የለም አሉ።»

«ካርዶቹስ ምን ይላሉ?» አለችው፣ ለቀልድ ያህል።

እሱ ግን አልሳቀም። ቀና ብሎ መደርደሪያውን ከላይ እስከ ታች አየው። «እስቲ እሱን ይንገሩኝ» አላት።

ወልደው የሞቱትን እናቶች ካርድ አወጣች። በሁለት ዓመት ውስጥ ደም ፈሷቸው የሞቱት ሰባት ነበሩ። ስድስቱን በአንድ ሳምንት አነበበች፤ ሰባተኛውን ጠረጴዛው ጥግ ላይ አስቀምጣ ሁለት ቀን ዞረችው። በሦስተኛው ቀን በሩን ከውስጥ ቀርቅራ ሲባጎውን ፈታች።

በስድስቱ ካርዶች ላይ አንድ ቃል ሲመላለስ አይታ ነበር፤ «መጠነኛ»። ደሙ መጠነኛ ነው። ከሩብ ሰዓት በኋላም መጠነኛ ነው። ከዚያ ድንገት፣ ዐርፋለች። ምን ያህል እንደፈሰሰ ማንም አልለካም፤ በዓይን አይተው ነው የጻፉት። በእህቷ ካርድም «መጠነኛ» ሦስት ጊዜ አለ። ግን በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል፣ በሌላ እጅ፣ በትናንሽ ፊደል አንድ መስመር ገብቷል፤ «ዘጠኝ ሰዓት ከአምስት። የተነከረው ጨርቅ ተመዝኖ የደረቁ ክብደት ተቀንሷል። አንድ ሺህ ስድስት መቶ ግራም። ለዶክተር ተነግሯል።» አዋላጅ ነርሷ ናት። ከአንድ ሊትር ተኩል በላይ ደም! ከሥሩ በዶክተሩ እጅ፣ «መጠነኛ። ክትትል ይደረግ» ይላል። ደም ይምጣላት የተባለው ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ላይ ነው። እህቷ በአሥር ሰዓት ከሩብ ሞታለች።

እትዬ ካርድ አላለቀሰችም። ሲባጎውን ሳታስር ወረቀትና ብዕር ሳበች።

ስም ሳትጠቅስ፣ ቁጥርና ሰዓት ብቻ እየጻፈች ሰባቱን በሰባት ገጽ አሰናዳች። ዳይሬክተሩ ሲያነብ ጆሮው ሳይቀር ቀላ። «ይኸው ክፍተቱ! በዓይን መገመት። ማስረጃውም ሰባተኛው ገጽ ላይ ነው፤ በስድስቱ ማንም አልመዘነም፣ እዚህ ጋ ግን ሚዛኑና ዓይኑ ጎን ለጎን ቆመዋል። እትዬ፣ እርስዎ እኮ...» ብሎ ሳይጨርሰው ወጣ።

የቀረው የአሠልጣኝ ፊርማ ነበር። ቦርዱ ሃያ ዓመት የሠራ ዋና አሠልጣኝ ይፈልጋል፤ በሆስፒታሉ ያለው፣ ከሠላሳ ስምንቱ ሌላ፣ አንድ ሰው ብቻ ነው። «ጋሼ ዶክተር» ይሏቸዋል። የከተማውን ግማሽ ያዋለዱ፣ የቀሩትን ዶክተሮች ያስተማሩ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማይናገሩ ሽማግሌ ናቸው። በእህቷ ቀብር ላይም ከፊት ቆመው ነበር። ያን «መጠነኛ» ሦስት ጊዜ የጻፉትም እሳቸው ናቸው።

ገጾቹን ይዘው ካርድ ክፍል መጡ። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ሰባተኛዋ እህትሽ ናት።»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«መጠነኛ ነበር፣ ልጄ። በዓይኔ አይቼዋለሁ።»

«ጨርቁ ተመዝኗል።»

«ጨርቅ ውኃም ይጠጣል፣ የእንሽርት ውኃም ይጠጣል። የአንዲት ነርስ የገበያ ሚዛን ከሠላሳ ዓመት ዓይን ይበልጣል?» ድምፃቸው አሁንም ዝግ እንዳለ ነው። «ስድስቱ ይቆዩ። ይቺን አውጪያት፣ እኔም እፈርማለሁ። ፈቃዱ ይምጣ እንጂ ስለ ደም መፍሰስ ራሴ አስተምራለሁ። ቃሌ ነው።»

ዳይሬክተሩ ከኋላቸው መጥቶ በሩን ተደግፎ ነበር። ማስረጃው ያለው እዚያች ገጽ ላይ እንደሆነ ከእሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ ግን ወሩ ሊያልቅ ሦስት ቀን ቀርቶታል። ወለሉን እያየ፣ «እትዬ፣ ፈቃዱ ከጠፋ ሁሉም ይጠፋል» አላት። «ከመጣ ግን ቀስ ብለን ሁሉንም እናስተምራለን።»

እውነት ይመስላል። ይኼ ነው የከፋው። ሰባተኛዋን ገጽ በገዛ እጇ ከመሃል መዝዛ መሳቢያዋ ውስጥ ከተተች። ጋሼ ዶክተር ፈረሙ።

የቦርዱ ሰዎች መጥተው አዳራሹን ለኩ፣ ወንበር ቆጠሩ፣ የመጸዳጃ ቤቱን ቁልፍ ሳይቀር ጠየቁ። ስድስቱን ገጽ ገልበጥ ገልበጥ አድርገው «ጥሩ ነው» አሉ። በወሩ የዕውቅናው ምስክር ወረቀት በመስታወት ተደርጎ በዋናው በር ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ለስላሳ ተከፈተ፤ ተጨበጨበ። ለእትዬ ካርድም አዲስ ሥራ ተሰጣት፤ የሠልጣኞችን ፊርማ መሰብሰብና የነጥቡን ሰርተፊኬት በማኅተም ማተም። «አሁንማ ከሞተ ወደ ቆመ ተዛወርሽ» እያሉ ቀለዱባት። ሳቀች። ሆድ ሲያር ጥርስ ይስቃል።

የመጀመሪያው ሥልጠና ሲሰጥ ሠላሳ ስምንቱም መጡ፤ ነጥብ አለዋ! ጋሼ ዶክተር ቃላቸውን ጠበቁ። ስለ ደም መፍሰስ አስተማሩ። ስድስቱን ሴቶች አንድ በአንድ አነሱ፤ ስድስተኛዋ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ተሰበረ። እትዬ ካርድ ከኋላ ወንበር ላይ ሆና ስለ ሚዛን እስኪያነሱ ትጠብቃለች።

«እነዚህን ሴቶች ማን ገደላቸው?» አሉ ጋሼ ዶክተር። «ያልሠለጠነ ዓይን! ወጣት ናችሁ፣ ደም ታያላችሁ እንጂ አትመለከቱም። ዓይን ይገራል፣ ልጆቼ። የተገራ ዓይን ሚዛን ነው።» ከዚያም ሥዕል እያሳዩ፣ ይኼ ትንሽ ነው፣ ይኼ መጠነኛ ነው፣ ይኼ ብዙ ነው እያሉ እስከ ምሳ ድረስ አስጠኗቸው። አንዲት ሐኪም እጇን አውጥታ «መለካትስ አይሻልም?» ብትል፣ «እስክትለኪ ትሞትብሻለች» አሏት። አዳራሹ ሳቀ። ሐኪሟም አብራ ሳቀችና እጇን አወረደች።

ሲያበቃ ቦርዱ ያዘዘው ወረቀት ተሞላ፤ «ከዚህ ሥልጠና በኋላ በሥራዎ ምን ይቀይራሉ?» የሚል። እትዬ ካርድ ሰብስባ ክፍሏ ገባችና አነበበችው። «ዓይኔን አሠለጥናለሁ።» «በግምቴ ላይ የበለጠ እተማመናለሁ።» «ሳልደናገጥ በዓይኔ እወስናለሁ።» ሠላሳ ስምንት ወረቀት። ከዚያ በፊት ቢያንስ አንዳንዱ ይጠራጠር ነበር። አሁን ጥርጣሬያቸውም ተወስዶ በምትኩ ሦስት ሦስት ነጥብ ተሰጥቷቸዋል።

ማኅተሙን አንስታ አስቀመጠችው። ሰርተፊኬቶቹን እንዳሉ ከነማኅተሙ ወስዳ ዳይሬክተሩ ጠረጴዛ ላይ አኖረች።

«እኔ አላትምም፣ ዶክተር።»

«እትዬ፣ አሁን ደግሞ ምን ሆኑ?»

«ያስተማርናቸው የሚገድለውን ነው።»

ዳይሬክተሩ መሳቢያውን ከፍቶ የቀለም ሳጥኑን አወጣና ራሱ ማተም ጀመረ፤ ጧ፣ ጧ፣ ጧ። እሷን ቀና ብሎ አላያትም።

ያን ቀን ሰባተኛዋን ገጽ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ ወደ ቤት ገባች። ሕፃኗ መሬት ላይ ቁጭ ብላ የሣሙና ካርቶን ትቀዳድዳለች። እትዬ ካርድ እናቷን አስቀመጠቻቸውና ገጹን ከላይ እስከ ታች አነበበችላቸው፤ ሰዓቱን፣ ግራሙን፣ ያን ቃል ሦስቱንም ጊዜ። እናቷ እስክትጨርስ አላቋረጧትም።

«አንቺ ይኼን ካወቅሽ ስንት ጊዜሽ ነው?»

«አራት ወር።»

«ለማን ተናገርሽ?»

«ይኸው፣ ለአንቺ።»

«ለእኔ?» እናቷ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አወረዱት። «እኔ አዋልዳለሁ? እኔ ዶክተር ነኝ? ለእኔ ስትነግሪኝ ማን ይድናል?»

ተነስተው ልጅቷን አቀፏት።

በማግስቱ ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ የአንድ ቀኑን መንገድ ወደ ቦርዱ ሄደች። የቦርዱ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ከገጹ ጋር ያያያዘችውን ደብዳቤ አገላብጦ አየው።

«ሐኪም ነሽ?»

«አይደለሁም።»

«የሟች ቤተሰብ?»

«እሱም ነኝ። ግን የመጣሁት ከካርድ ክፍል ነው። ያቺን ገጽ ከማመልከቻው ያወጣኋት እኔ ነኝ፤ ይኸው መለስኳት። ስሜን ከሥር ጽፌያለሁ።»

ቦርዱ በሁለተኛው ወር ዕውቅናውን ሰረዘ፤ የሠላሳ ስምንቱም ነጥብ አብሮ ተሰረዘ። ምክንያቱ «ያልተሟላ ማስረጃ» ተባለ፤ ስለ ሚዛን አንድም ቃል የለበትም። መስታወቱ ከግድግዳው ወረደ። ዶክተሮቹ እንደ ድሮው የሩቁን መንገድ ጀመሩት። ጋሼ ዶክተር አንድ ቀን በኮሪደሩ አገኟትና እንደ ወትሮው ጎንበስ ብለው ሰላም አሏት፤ ከዚያ ወዲህ ሲያዩዋት መንገድ ይቀይራሉ። ዳይሬክተሩ የሚያዛት በጽሑፍ ብቻ ሆነ። «እትዬ ካርድ» መባልም ቀርቶ «ነጥብ በላ» ወጣላት፤ ጽዳቶቹ ሳይቀሩ ይሏታል። በመስኮቱ አንገቱን አስገብቶ ጽሑፉን የሚያስነብባት ጠፋ። የጻፉትን ማንበብ ሲያቅታቸው እንደመሰላቸው ያልፉታል።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት በሩ ተንኳኳ። በሥልጠናው ላይ እጇን አውጥታ ያወረደችው ሐኪም ናት። ኮሪደሩን ግራ ቀኝ አየችና ገባች።

«ያቺ ገጽ ቅጂ አላት?»

«አላት። ነጥብ ግን የላትም።»

«አውቃለሁ።»

እትዬ ካርድ ወንበሯን ለቀቀችላት። ሐኪሟ አንዴ አነበበች፤ እንደገና አነበበች፤ ክብደቱ የተጻፈበት መስመር ላይ ጣቷን አስቀምጣ ቆየች። «ሚዛኑን ከየት አመጣችው፣ አዋላጇ?» ብላ ጠየቀች።

«ከወጥ ቤት። ስለዚያ ነው ተቆጥተው ወደ ሌላ ክፍል የቀየሯት።»

ሐኪሟ ራሷን ነቀነቀች። ገጹን መለሰችና ደህና ዋዪ እንኳ ሳትል ወጣች። ከሠላሳ ስምንቱ አንዷ። ከእሷ በኋላ እስካሁን ሌላ አልመጣም።