የመቂ ፀሐይ የመታው ካሴት

የካሴት ክር ሽታ አለው፤ የሞቀ ፕላስቲክና የአቧራ ሽታ። ባለፈው እሁድ ከቁም ሳጥኑ አውጥቼ ሽፋኑን ስከፍተው የሽንኩርት ሽታ ጨምሮ መጣብኝ።

ሽንኩርቱ የመቂ ነው። ታላቅ ወንድሜ ከመቂ እየጫነ አዳማ የሚያራግፍ አይሱዙ ይነዳ ነበር። እኔም ትምህርቴን ጥዬ አብሬው እጭን ነበር። አጥርቼ ማንበብ የለመድኩት ከካሴት ሽፋን ላይ ነው፤ አስተማሪ አልነበረኝም።

ጋቢናው ውስጥ ሁለት ካሴት ነበረን። አንዱ በኦሮምኛ የምትዘፍን ሴት አልበም ነው። እሷን ባዶ መኪና ይዘን ስንሄድ እንሰማት ነበር፤ ድምጿ እንደ ገበያ ቀን ጠዋት ነው፣ ሰው ይቀሰቅሳል። ሁለተኛው፣ ይኸኛው፣ የመመለሻችን ነበር። ሳክስፎኑ ቀስ ብሎ ይገባል። ዓለም ጤና ከተማን ስናልፍ ካሴቱን እንገለብጠዋለን፤ የመጨረሻው ዘፈን ሲደርስ የቆቃ ውሃ በማታ ፀሐይ ቀልቶ ይታያል። ዘፈን መዝለል ክልክል ነው።

«ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ ጥለኸው ትሄዳለህ?» ይለኝ ነበር ወንድሜ።

አንድ ቀን መቂ ላይ ደላላው በዋጋ ሲያጓትተን ካሴቱን ከፊት መስታወቱ ስር ረስተነው ዋለ። ከዚያ ወዲያ የመጨረሻው ዘፈን መሃል ላይ የዘፋኙ ድምፅ ይጎተታል፣ ይንቀጠቀጣል። መጀመሪያ የሰማሁት ቀን የሚያለቅስ መሰለኝ።

«ምን ያለቅሳል፣ የመቂ ፀሐይ መትቶት ነው እንጂ!» ብሎ ሳቀ። «ደክሞታል፤ በል እንርዳው።»

አብረነው እየዘፈንን ረዳነው። እኔ ከስር እጀምራለሁ፣ ወንድሜ ከላይ ይቀበለኛል፤ ሦስታችንም እየተጎተትን አዳማ እንገባለን። ከዚያ በኋላ በተመለስን ቁጥር እንዲሁ ነበር። ሌላ ንጹሕ ካሴት መግዛት ለሁለታችንም ትዝ አላለንም።

ወንድሜ ካረፈ ቆየ። ድምፁን የቀዳ ሰው የለም። ስለዚህ ያንን የተጎተተውን ቦታ አንድ ጊዜ መስማት ፈለግሁ። ሰኞ ካሴቱንም ቴፑንም ይዤ ጥገና ቤት ሄድኩ።

«ፋዘር፣ ይሄ እኮ ክሩ ተበጣጥሷል፤ ሙዚየም ይውሰዱት» አለኝ ጠጋኙ። ጓደኞቹ ሳቁ። ተናድጄ ወጣሁ። የሰው ዕቃ ሲበላሽ የሚስቅ ባለሙያ እጁ ቢሠራም ልቡ አልሠለጠነም።

ቤት ስገባ፣ እሁድ ስለ ካሴቱ የነገርኩት ልጄ ስልኩን ይዞ ጠበቀኝ።

«አባዬ፣ ሙሉ አልበሙን አገኘሁልህ። ደግሞ ጥርት ያለ ነው!» ብሎ የመጨረሻውን ዘፈን ከፈተ።

«ከመጀመሪያው አድርገው።»

«የምትወደው እሱን አይደል እንዴ?»

«ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ አይታለፍም አልኩህ!»

የዛሬ ልጅ ዘፈን እንደ ሎሚ መጦ ይጥላል። የእኔው ግን፣ እውነቱን ልናገርና፣ እስከ መጨረሻው አብሮኝ ተቀመጠ። የመጨረሻው ዘፈን ደረሰ። ያ ቦታ ሲቃረብ ልረዳው ትንፋሼን ሳብኩ። ዘፋኙ ምንም ሳይደክመው አለፈኝ።

«ፈጠነ» አልኩ።

«አባዬ፣ ትክክለኛው ፍጥነቱ እኮ ይሄ ነው።»

እውነቱን ነው። እውነት የተናገረ ልጅ አይቆጡም፤ እኔ ግን ተቆጣሁት። «ዝጋው! ምን ታውቃለህ አንተ!»

ዘጋው። ተነስቶ የሚሄድ መስሎኝ ነበር፤ አልሄደም።

«የአንተው እንዴት ነበር ታዲያ? እስቲ በለው» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ከስር ጀመርኩለት፣ እየጎተትኩ። ወንድሜ የሚቀበለኝ ቦታ ስደርስ ቆምኩ። ልጄ ያለቀ አልመሰለውም፤ ዓይን ዓይኔን እያየ ቀጣዩን ይጠብቃል።