ከካውያው ጀርባ የነበረችው ተማሪ

ጅቡቲ ከተማ፣ ቡላኦስ ሰፈር ውስጥ፣ ከድሬዳዋ መጥተው የሚነግዱ ሰዎች ቤት፣ ሦስት ልጆች እንግሊዝኛ አስጠና ነበር። ልጆቹ የሚማሩት በፈረንሳይኛ ስለሆነ እንግሊዝኛቸው ባዶ ነው ማለት ይቻላል፤ ክረምቱ ሲያልቅ ደግሞ ድሬዳዋ አክስታቸው ዘንድ ገብተው ሊማሩ ተወስኗል። ስለዚህ ከሥር ጀመርን፦ ስም፣ ግስ፣ ባለቤት፣ ተሳቢ። እኔ እላለሁ፣ እነሱ ይደግማሉ። እኛም የተማርነው እንዲያ ነው፤ ሌላ ዘዴ አላውቅም።

የምንሠራው ከቀትር በኋላ፣ አባትየው ጫቱን ይዞ ጓደኞቹ ጋ ሲሄድ ነው። የአየር ማቀዝቀዣ ያለው ሳሎኑ ውስጥ ብቻ ስለነበር የቤቱ ሠራተኛ ከኋላችን ቆማ ልብስ ትተኩሳለች። ከወሎ የመጣች፣ አስረኛ ክፍል ላይ ያቋረጠች ልጅ ናት። የመጀመሪያው ቀን «ቲቸር፣ እየተኮስኩ ብሰማ ይከፋዎታል?» አለችኝ። «ኧረ ምን ገዶኝ!» አልኳት። አገሯ ተመልሳ አስረኛን መፈተን ነበር ሐሳቧ። ያለፈ ዓመት ካላንደር ጀርባ ላይ የምለውን ሁሉ ትጽፋለች።

በሦስተኛው ሳምንት ሰሌዳው ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ተሳሳትኩ። እሷ ከኋላ ቀስ ብላ «ቲቸር፣ ይቅርታ፣ ትላንት ያሉን እንዲህ ነበር እንዴ?» አለች። ልክ ነበረች። ልጆቹ ከት ብለው ሳቁ፤ ትልቋማ «እሷ ታስተምረን!» አለች። ፊቴ ጋለ። «አንቺ ይልቅ ሸሚዙን እንዳታቃጥዪ!» ብዬ ጮህኩባት። እዚያ ላይ ባቆም ምን ነበረበት?

አላቆምኩም። ስወጣ የልጆቹን እናት በር ላይ አገኘኋትና «ልጆቹን እያዘናጋችብኝ ነው፤ ሥራዋም ላይ ልቧ ያለ አይመስለኝም» አልኳት። እንዴት ያለ ጨዋ ድምፅ ነበር ያወጣሁት! «እንኳን ነገርሽኝ» አለችኝ።

በማግስቱ የሚተኮሰው ልብስ ሁሉ ጓሮ፣ ቆርቆሮው ሥር ወርዶ ነበር። የጅቡቲን ሐምሌ ያየ ያውቀዋል፤ ያ ትኩስ ነፋስ ሲነሳ በር መክፈት እንኳ ያስጠላል። እሷ እዚያ ካውያ ይዛ ቆማለች።

ውሃ ልትሰጠኝ ስትገባ ላብ በላብ ሆና ነበር። ልጆቹ እስኪወጡ ጠብቃ «ቲቸር፣ ማን እንደነገረብኝ አላውቅም። ማዳም እርስዎን ትሰማለች፤ አንድ ቃል ይበሉልኝ። ጥግ ይዤ እተኩሳለሁ፣ ሁለተኛ አልናገርም» አለችኝ።

አፈር በበላሁ! «እሺ፣ ነገ እነግራታለሁ» አልኳት። በማግስቱም ነገ አልኳት። ከዚያ ወዲያ መጠየቁን ተወች፤ ውሃውን ስታስቀምጥ ዓይኔን ብቻ ታያለች፣ እኔም ደብተር አገላብጣለሁ። ክረምቱ እንዲሁ አለቀ።

በመጨረሻው ቀን ያንን ካላንደር ይዛልኝ መጣች። በጓሮው መስኮት የሰማችውን እየለቀመች ጽፋበታለች፤ ግማሹ ጎዶሎ ነው። «እስቲ ይረሙልኝ» አለች። ቀይ እስክሪብቶዬን አውጥቼ አረምኩላት።

«አላህ ይስጥልኝ» አለችኝ። «እርስዎ ባይኖሩ ማን ያስተምረኝ ነበር?»

ልነግራት አፌን ከፈትኩ። «ጎበዝ ነሽ» ብያት ወጣሁ።