ደሴ ላይ ያየናት ባለ ከል ዘፋኝ

በዚያ ምሽት ደሴ አዳራሽ ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን። የኪነት ቡድናችን መሪ፣ መካነ ሰላም ልጆች የሚያስተምር መምህር። ከበሮ መቺያችን፣ ሁላችን «አያ» የምንላቸው፣ በከላላ በኩል በየመንዙማው ድቤ ሲመቱ ያረጁ ሽማግሌ። ተወዛዋዣችን፣ ምላሱ ከትከሻው የሚፈጥን ጎረምሳ። ዘፋኛችን፣ እናቷን በዚያው ዓመት የቀበረች። የአዳራሹ ጠባቂ፣ የደሴ ሴት። እና እኔ፣ ክራር መቺው። ገብቶ የወጣ ሌላ ሰው ይኖር ይሆናል፤ እስከ መጨረሻው የተቀመጥነው ግን እኛ ነን።

የሄድነው ለአውራጃዎች የኪነት ውድድር ነበር። የእኛን የወሎዋን ቦረና ወክለን በማግስቱ መድረክ ላይ እንወጣለን። የተሳፈርነው የእርዳታ ስንዴ አራግፎ ባዶውን በሚመለስ መኪና ላይ ነው። ዘፋኛችን መንገዱን ሁሉ ከመኪናው ወለል ስንጥቅ ስንዴ እየለቀመች በነጠላዋ ጫፍ ትቋጥር ነበር። ማንም ለምን አላላትም። እናቷ በድርቁ ስትሞት ለተዝካር የሚሆን እህል ቤታቸው እንዳልነበረ እናውቃለን።

እሷ ከል ለብሳለች፤ ቀሚሷም ነጠላዋም ጥቁር ነው። በእኛ አገር ከል የለበሰ ሰው ሙሾ ያወርዳል እንጂ አይዘፍንም። ከሉን የሚያስወልቁት ዘመድና ጎረቤት ናቸው፣ ያውም ተዝካሩ ከወጣ በኋላ። መምህሩ ይዟት የመጣው «ታጨበጭባለች» ብሎ ነው። በልቡ ግን ሌላ ያስብ ነበር፤ ከእሷ ሌላ ዘፋኝ የለንም። መንገድ ላይ ሻይ ስንጠጣ ሞከራት።

«እታለም፣ አንዷን ብቻ። አምባሰሉን።»

«መምህር፣ ተዝካሯን ሳላወጣ አፌን ለዘፈን አልከፍትም። ሰው ምን ይለኛል? እሷስ ምን ትለኛለች?»

አልደገመም። እሷ ካልዘፈነች የቦረና ቡድን ክራርና ከበሮ ብቻ ይዞ መድረክ ላይ ሊቆም ነው።

አዳራሹ ውስጥ ቴሌቪዥኑ ከፍ ያለ ቦታ ላይ፣ በእንጨት ሳጥን ተቆልፎ ተቀምጧል። ቁልፉ ጠባቂዋ አንገት ላይ ነው። ስትከፍተው ተወዛዋዣችን «የታቦት መንበር መሰለኝ እኮ!» አለና መምህሩ በክርኑ ጎሰመው። ከመምህሩ በቀር ሁላችንም ቴሌቪዥን ስናይ የመጀመሪያችን ነው። የሚታየው ከብዙ አገር የተሰበሰቡ ዘፋኞች የሚወዳደሩበት ዝግጅት ነበር። ዝናቡ የአዳራሹን ቆርቆሮ ስለሚደበድበው የአስተዋዋቂው ድምፅ አይሰማም፤ ዘፈኑ ግን ይሰማል።

ከዚያ ወዲህ በየአጋጣሚው ብዙ የዘፈን ውድድር አይቻለሁ። የማስበልጠው ግን ያንን ምሽት ነው። አንድ ግዙፍ ሰው አኮርዲዮን አቅፎ ወጣ። በየስንኙ መጨረሻ ላይ አኮርዲዮኑን ቀጥ አድርጎ ያቆምና የመጨረሻዋን ቃል ያለ ሙዚቃ ብቻዋን ይለቃታል። እኔም ክራሬን እንዲህ ማቆም የጀመርኩት ከእሱ አይቼ ነው። ቀጥሎ መምህሩ ከኩባ ነው ያለው ቡድን መጣ፤ አንዱ ከበሮውን በዱላ ሳይሆን በመዳፉና በጣቶቹ ይመታል። አያ ከወንበራቸው ተነሱ።

«ወላሂ ይሄ ሰው የዱዓ ሐድራ ያውቃል!»

«አያ፣ ሰውዬው ኩባ ነው» አለ ተወዛዋዡ።

«ኩባ ውስጥ ዱዓ የለም ያለህ ማነው? እጁን አታየውም?»

«እንግዲያማ ነገ አብሮን ይምታ፤ እርስዎም ትንሽ ያርፋሉ።»

«አንተ ትከሻህን አሳርፍ፤ እኔ መቃብር ውስጥ አርፋለሁ።»

ጠባቂዋ ሳቀች። ዘፋኛችንም ፈገግ ስትል አየሁ፤ ከተነሳን ጀምሮ የመጀመሪያ ፈገግታዋ ነበር።

ከዚያ ያቺ ሴት መጣች። ረጅም ናት። ቀሚሷ እስከ አንገቷ የተዘጋ፣ እስከ መሬት የወረደ፣ ድፍን ጥቁር ነው። ጌጥ አላደረገችም። እጆቿን አንድ ጊዜ እንኳ አላነሳችም፤ ይህን አረጋግጬ እናገራለሁ፣ እጆቿን ነበር የማየው። ዓይኗን ጨፍና ቀስ ብላ ጀመረች። ቋንቋውን አናውቀውም። 

«ከል ለብሳለች» አለች ዘፋኛችን።

«አዎ፣ ሐዘንተኛ ናት» አሉ አያ። «ማን ሞቶባት ይሆን?»

«ባሏ ይሆናላ» አለ ተወዛዋዡ።

«አይደለም። እናቷ ናት» አለች ዘፋኛችን።

ሴትየዋ ስትጨርስ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው ሕዝብ ሁሉ ተነስቶ አጨበጨበ። ዘፋኛችን ከቴሌቪዥኑ ዓይኗን ሳትነቅል ጠየቀች።

«አያ፣ ሕዝቡ አልነቀፋትም?»

«ምን ብሎ ይነቅፋታል? ትከሻ አልመታች፣ አልሳቀች። ይሄ ዘፈን አይደለም፣ ልጄ። እንጉርጉሮ ነው። ሐዘንተኛ ባያንጎራጉር ማን ያንጎራጉራል?»

ዘፋኛችን የነጠላዋን ቋጠሮ በጣቷ ስትዳብስ ቆየች።

በማግስቱ ተራችን ሲደርስ ከልብሷ ምንም ሳትቀይር ቀድማን ወጣች። ተወዛዋዡን «አንተ ቁጭ በል» አለችው፤ ያለ አንዲት ቀልድ ቁጭ አለ። መምህሩ ስለ አብዮቱ የጻፈውን ግጥም እጁ ላይ እንደያዘ ቀረ። አምባሰሉን አወጣሁላት። እጆቿን ወደታች ለቃ፣ ዓይኗን ጨፍና እንዲህ አለች፦

ጤፍ የለኝ ገብስ የለኝ ለተዝካርሽ ዛሬ፣
ድምፄን ደገስኩልሽ፣ እናት ዓለም ክብሬ።

«ክብሬ» ስትል ክራሬን ቀጥ አደረግኩት፤ ቃሏ ብቻዋን አዳራሹን ዞረች። ያን ዓመት ወሎ ውስጥ ሰው ያልቀበረ ማን ነበር? ፊተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጡት ባለሥልጣናት ሳይቀሩ ሕዝቡ ሁሉ ተነሳ። ጭብጨባ አልነበረም። ለቅሶ ቤት እንደሚቆመው ነው የቆሙት። አያ ከበሯቸውን አስቀምጠው እጃቸውን ለዱዓ ዘረጉ፤ እስላሙም ክርስቲያኑም «አሚን» አለ። አንደኛ የወጣው ሌላ አውራጃ ነው። የዚያን ቀን ግን ከቦረና መምጣቴን ለጠየቀኝ ሁሉ ጮክ ብዬ ነው የተናገርኩት።

ስንመለስ የለቀመችውን ስንዴ ንፍሮ ቀቅላ ለደብሩ ድሆች ሰጠች። ጎረቤቶቿ በዚያው ቀን ከሏን አስወለቋት።

ባለፈው ዓመት ደሴ ሄጄ ያችን ጠባቂ አገኘኋት። ያን ምሽት ያየንበት የሳጥኑ ቴሌቪዥን ጥቁርና ነጭ ብቻ ነበር የሚያሳየው። ጠባቂዋ ያንኑ ዝግጅት በኋላ በባለ ቀለም ቴሌቪዥን አይታው ኖሯል። «የዚያች የረጅሟ ቀሚስ እኮ ደም የመሰለ ቀይ ነው!» አለችኝ። ተመልሼ ለዘፋኛችን ነገርኳት። አሁን ባለትዳር ናት፤ ገበያ ውስጥ በርበሬ እየሰፈረች ነበር።

«ቀይ ቢሆንስ?» አለች መስፈሪያውን ሳታስቀምጥ። «ድምጿ ከል ለብሶ ነበር።»

የቀረኝ አንድ ነገር ነው። ሴትየዋ ከየት አገር እንደመጣች በዝናቡ ምክንያት አልሰማሁም። መምህሩ ቡልጋሪያ ይላል፣ ተወዛዋዡ ፖላንድ ብሎ ይምላል፣ አያ ሳይነግሩን አረፉ። ከእኛ ጋር አዳራሹ ውስጥ የነበራችሁ፣ ወይም ያንን ዝግጅት ሌላ ቦታ ሆናችሁ ያያችሁ፣ አገሯን ካወቃችሁ ንገሩኝ። ቦረና ውስጥ አንዲት ሴት እሷን አይታ የእናቷን ተዝካር እንዳወጣች የሚነግር ደብዳቤ ወዴት አገር እንደምልክላት ልወቅ።