አቶ ሐሚድና የዘጋሁባቸው ቀዳዳ

አናጢው ጎረቤታችን አቶ ሐሚድ ለጥቂት ቀናት ታመው ሐሙስ ረፋድ ላይ አሶሳ ቤታቸው አረፉ። አላህ ጀነት ያግባቸው። ልጆቻቸው «እማማ ዘሀራ፣ ከአጥር ማዶ ሆነው ይህን ሁሉ ዓመት አይተዋቸዋል፣ እርስዎ ይናገሩልን» ብለውኛል። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ እኔ ስናገር የልጅ ልጄ ሰሚራ ትጽፋለች። ልጆቹ የአባታቸውን ደግነት ነው የጠየቁኝ። ደግነታቸውን ስናገር ግን የኔ ጥፋት አብሮ ይወጣል።

በሰፈራ ከወሎ ስንመጣ የመጀመሪያ በራችንን የገጠሙልን እሳቸው ናቸው። ማንጎ እንዴት እንደሚላጥ ያሳዩኝም እሳቸው ናቸው፤ እኔ እኮ ከነልጣጩ ስታገል... ተዉት፣ ወደ ነገሬ ልመለስ።

ለአልጋና ለቁም ሳጥን ቀለም መርጫ ኮምፕሬሰር ገዙ። ንፋስ አምቆ የሚይዝ የብረት ጋን ነው፤ ሞተሩ ሲነሳ የኛ ቤት ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል። ያኔ ባለቤቴ አሕመድ ታመው ተኝተዋል።

«አቶ ሐሚድ፣ በሽተኛ አለብኝ እኮ!» አልኳቸው በአጥር።

«መዓሌሽ እማማ፣ መዓሌሽ» ብለው ይቅርታ ጠየቁኝ። «አንተ አትጨነቅ። ድምፁን ሳጥን ውስጥ አስረዋለሁ።» የቤርታ ሰው ናቸውና በአማርኛ ሴቱም ወንዱም ለሳቸው «አንተ» ነበር።

በጣውላ ሳጥን ሠሩለት፤ ውስጡን ባረጀ የፍራሽ ስፖንጅ ለበጡት። ከቆጣሪው ጀምረው እንደ ጣቴ የወፈረ ሽቦ ዘረጉለት፤ ለብቻው ማጥፊያም አበጁለት። ሳጥኑን ከታችና ከላይ በሱትና ጠርተው አሳዩኝ። «ሞተር እንደ ሰው ነው። ከታች ቀዝቃዛ ይስባል፣ ከላይ ሙቀት ያወጣል። አንዱን ከዘጋህ አለቀለት።» በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ።

የላይኛው ቀዳዳ ወደኛ አጥር ነበር የሚወጣው። ጩኸቱ ቀንሶ ማጉረምረም ሆነ። አንድ ቀን አሕመድ ሲቃትቱ አድረው እኩለ ቀን ላይ ገና ዓይናቸው ከደን ሲል ሞተሩ ተነሳ። በቀይ ክር የጣፍኳት አሮጌ ጆንያ ነበረችኝ፤ እጄን በአጥሩ አሻግሬ ቀዳዳው ውስጥ ወተፍኳት። ለአንድ አፍታ ብዬ ነው። ከዚያ ማንጎ ልገዛ ወጣሁ። መንገድ ላይ አንዷን አገኘሁ፣ ከሷ ወደ ሌላዋ ቤት ዘለቅሁ። እግሬን መቼም ታውቁታላችሁ። ጆንያዋን ረሳኋት።

ስመለስ መንደሩ የተቃጠለ ጎማ ይሸታል። ሰው ተሰብስቧል። አቶ ሐሚድ የጋለውን የሳጥን ክዳን ሲነቅሉ መዳፋቸው ተልጧል። አንዱ ግንበኛ ይስቅባቸዋል፦ «አንተ ሐሚድ! ሰው ጉባ ላይ ግድብ ገድቦ መብራት ያመነጫል፣ አንተ አንድ ኮምፕሬሰር መቀጠል አቃተህ?»

አቶ ሐሚድ አንድ ጊዜ ወደኔ አዩ። «ሽቦው ቀጥኖብኝ ነው» አሉ።

ሽቦው ቀጭን አልነበረም። ሲዘረጉት ቆሜ አይቻለሁ። ማንጎዬን ይዤ ወደ ቤቴ ገባሁ። ከአናጢነታቸው ጎን ለሰፈሩ መብራትም ይቀጥሉ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን መብራት የሚያስቀጥል ሰው ሌላ ዘንድ መሄድ ጀመረ፤ እሳቸውም «ሽቦ የማያውቀው ሐሚድ» እየተባሉ ሲቀለድባቸው አብረው ይስቁ ነበር። እኔም እሰማ ነበር።

የሞተሩን የተቃጠለ የውስጥ ሽቦ በአዲስ አስጠቅልለው መለሱት። በኛ በኩል የነበረውን ቀዳዳ ጣውላ መትተው ዘጉት። ወደ መንገድ አዙረውታል ብዬ አሰብኩ፤ አልጠየቅሁም። አሕመድም እስኪሞቱ ድረስ ቀን ቀን ያለ ሁከት ተኙ። «እማማ፣ በሽተኛው ተኛ?» ይሉኝ ነበር በአጥር። ስንት ጊዜ ልነግራቸው ማንጎ ይዤ ሄጄ፣ ስለ ዝናብ አውርቼ ተመለስኩ።

አቶ ሐሚድ፣ በሕይወት ሳሉ ያልነገርኩዎትን አሁን ሰው ሁሉ ፊት እነግርዎታለሁ። ቀዳዳውን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ሽቦዎ ደህና ነበር። አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ።

በለቅሶዎ ዕለት ባለቤትዎ ሐዋ ምንጣፍ እንዳመጣ ወደ መኝታ ክፍላችሁ ላከችኝ። ያን ክፍል በዚህ ሁሉ ዓመት ረግጬው አላውቅም። ከራስጌዎ በላይ ግድግዳው ተበስቶ፣ ከሥራ ቤትዎ የሚመጣ የቆርቆሮ ቱቦ ወጥቶበታል። የሞተሩ ሙቀትና ጩኸት ወደ እርስዎ መኝታ ነበር የሚገባው። በቱቦውና በግድግዳው መሃል ያለው ክፍተት በጆንያ ተወትፏል። ጆንያው በቀይ ክር የተጣፈ ነው።