አያቴ የቆረጡልኝ ስፖንጅ

አያቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ዓለም ገና ከተማ ከነበረው የጫማ ሱቃቸው ሲመለሱ በራችን ላይ የወለቀውን የእንግዳ ጫማ ሁሉ እያነሱ ተረከዙን በአውራ ጣታቸው ሳይጫኑ ወደ ቤት አይገቡም ነበር። እንግዳው ዘመድ ይሁን አማች ግድ የላቸውም። «ይሄ ድንጋይ ነው፤ ጉልበትህን ይጨርሰዋል» ይሉታል፣ ገና ሰላም ሳይሉት። እናቴ በሀፍረት መግቢያ ታጣለች።

ሰበታ ፋብሪካ ተቀጥሬ ቀኑን ሙሉ ሲሚንቶ ላይ እንደምቆም ሲሰሙ ስለ ሌላው ነገር አልጠየቁኝም።

«ኮቱ፣ ነይ፣ ጫማሽን አምጪው» አሉኝ።

ከአሮጌ ፍራሽ ስፖንጅ ቆርጠው በእግሬ ልክ ውስጡ አነጠፉልኝ። ሲሳሳ ይቀይሩልኛል። መጨረሻ የቀየሩልኝ ጊዜ ግን ተቆጥተው ነበር።

«ይሄ ሲያልቅ ሌላ የለም። ያን ሥራ ትተዪዋለሽ!»

«እሺ አባባ፣ እተወዋለሁ» አልኳቸው። ምን ልበል? ሱቁ ከተዘጋ ወዲህ ቤቱ በእኔ ሥራ እንደሚያድር እሳቸውም አሳምረው ያውቁ ነበር።

ለቅሷቸው ላይ በሩ በጫማ ተሞላ። አንዱንም አንስቶ የተጫነ ሰው የለም።

ስፖንጁ አሁን እንደ ወረቀት ሆኗል። ራሴ ልቆርጥ መቀስ አንስቼ ነበር፤ ግን ሌላ ከቆረጥኩ እዚያው ለመቅረት ተስማማሁ ማለት ነው። መቀሱን መለስኩት። ሥራውንም አልተውኩም። ጠዋት ሰርቪሱ ጡሩምባውን ሲነፋ ያንኑ ጫማ አጥልቄ እሮጣለሁ፤ ድንጋዩ እስከ ጉልበቴ ይሰማኛል።