ሟቹ ሲመለስ ዝም ያልሁባት ቦታ

መካነ ሰላም ገበያው አጠገብ ባለች ቪዲዮ ቤት ፊልም መተርጎም የጀመርሁ ቀን የነበሩት ሰዎች እነዚህ ናቸው። ባለቤቱ ጋሽ ሰይድ፣ ከማጫወቻው ጎን። ከወግዲ እህል ይዘው የመጡት ገበሬ ጋሽ ይመር፣ ከፊተኛው አግዳሚ። የእንግሊዝኛ መምህርቷ አስቴር፣ ከመስኮቱ ሥር። ዘነበች በር ላይ ቲኬት ትቆርጣለች። እኔ ማይክ ይዤ ከስክሪኑ ጎን። የቀረውን ሰው በስም አላውቅም፤ ቤቱ ግን ሙሉ ነበር።

እንግሊዝኛ የተማርሁት ከፊልም ሥር ከሚሄደው ጽሑፍና ካረጀ መዝገበ ቃላት ነው። ፊልሙን አስቀድሜ ሁለት ጊዜ አያለሁ፤ ንግግሩን ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ሲታይ በግራ እጄ የፊልሙን ድምፅ ዝቅ አድርጌ በማይክ እናገራለሁ።

የዚያን ቀኑ ጀግና ቀይ ካባ ለብሶ የሚበር ነበር። መጨረሻ ላይ ከተማውን ሲያድን ሞተ። በቪዲዮ ቤት ሕግ አክተር አይሞትምና ሰዉ ይነሳል ብሎ ጠበቀ። እኔ፣ «ሞቷል። ሚስቱ እጁን ይዛዋለች፤ ቀዝቅዟል» አልሁ። ቤቱ ጸጥ አለ። ጋሽ ይመር ተነስተው ጋቢያቸውን እንደ ለቀስተኛ አዘቀዘቁት። ማንም አልሳቀም። ሌላ የምስክር ወረቀት የለኝም፤ የሙያዬ ምስክር ያቺ ጸጥታ ናት።

ጸጥታዋ አልቆየችም። በየቅዳሜው ሞተው የሚነሱ ሌሎች ጀግኖች አሳየን፤ ሰዉ ለመደ። አክተር በሞተ ቁጥር ከኋላ አንዱ፣ «አታልቅሱ፣ ለቅዳሜ ይደርሳል!» ይላል፤ ቤቱ ይስቃል። ማይኩ እጄ ላይ ይከብደኝ ጀመር።

በመጨረሻ የባለ ካባው ቀጣይ ክፍል ከደሴ በፍላሽ መጣ። እሱም ከመቃብር ይወጣል።

«ወላሂ ይመር ይታዘበናል» አሉ ጋሽ ሰይድ። «አንተ ልጅ፣ መንታ ወንድሙ ነው በል።»

አንዲት ቃል የማላዛባው ሰውዬ ተስማማሁ።

ቅዳሜ መቃብሩ ሲከፈት፣ «ይህ መንታ ወንድሙ ነው፤ አስከሬኑን ሊሰናበት ወርዶ ነው» አልሁ። ጋሽ ይመር ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አመኑኝ። ሩብ ሰዓት ያህል በመንታው ሄድሁ። ከዚያ ሰውዬው የሟቹ ሚስት ቤት ገባና ሳማት።

«ኧረ በአላህ!» አለች ዘነበች ከበሩ።

«የወንድሙን ሚስት?» ጋሽ ይመር ከመቀመጫቸው ተነሡ። «አርባው እንኳ ሳይወጣ!»

መምህር አስቴር እየሳቀች፣ «ተርጓሚው፣ የትኛውን ፊልም ነው የምትነግረን?» አለችኝ።

ፊልሙን አቆምሁት። «መንታ የለውም። ራሱ ነው፤ ተነስቷል። ዋሽቻችኋለሁ» አልሁ።

«እና እኔ ጋቢዬን ያዘቀዘቅሁት ለማን ነው?» አሉ ጋሽ ይመር።

«ለሳምንቱ ይምጡ፤ እንዳለ እተረጉመዋለሁ» ብቻ አልኋቸው።

ሳምንቱን ሙሉ ያንን ቦታ እየመለስሁ አየሁት። ሚስቱ በሩን ከፍታ ስታየው አትስመውም። ጀርባዋ ግድግዳ እስኪነካ ወደ ኋላ ትሄዳለች። ከዚያ በጣቷ ፊቱን ትነካለች። የሚሳሳሙት ከዚያ በኋላ ነው። በሩ ከተከፈተ እስኪሳሳሙ አሥራ አንድ ሰከንድ ነው። እኔ በዚያ ሁሉ ላይ ስለ መንታ ሳወራ ነበር።

ቅዳሜ ጋሽ ይመር መጡ። መቃብሩ ሲከፈት፣ «ራሱ ነው፤ ከሞት ተመለሰ» አልሁ። ከኋላ፣ «ለቅዳሜ ይደርሳል አላልሁም?» አለ አንዱ፤ ተሳቀ። በሩ ሲከፈት ማይኩን ከአፌ አራቅሁና የፊልሙን ድምፅ ከፍ አደረግሁ። የሴትዮዋ ትንፋሽ ተሰማ። ጀርባዋ ግድግዳውን ሲነካ የሳቀ የለም።

«እሱስ መጣ» አሉ ጋሽ ይመር ቀስ ብለው። «የሷን ለቅሶ ማን ይመልስላታል?» ቀጥለውም፣ «እንግዲያው ጋቢዬም በከንቱ አልተዘቀዘቀም» አሉ።

መምህር አስቴር ስትወጣ፣ «አንድ ቃል ብቻ ስተሃል፤ ሻማ ያልኸው ፋኖስ ነው» አለችኝ። ደብተሬ ላይ አረምሁት። በዚያች ቀን እስከ ዛሬ እኮራለሁ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጀግና ሞቶ ሲነሳ ተርጉሜያለሁ። ሟቹን መልሶ ያለቀሱለትን የሚረሳ ፊልም ሞትን ያቀለዋል፤ ያንን ፊልም ተርጓሚ አያድነውም። ያለቀሱትን በሚያሳይ ፊልም ላይ ግን ተርጓሚ ዝም ይበል።

ዘነበች ያን ቀን በሩን ትታ ገብታ ነበር ትላለች፤ እኔ አላየኋትም። ከኋላ የሚጮኸው ማን እንደነበረም አላውቅም። እዚያ የነበራችሁ የጎደለውን ጨምሩበት። በሰከንዱ ግን አትከራከሩኝ፤ አሥራ አንድ ነው።